መስኮታችን በር የሆነበት ክረምት

እርጥብ ስሚንቶ ሲሸተኝ አልወድም። ትናንት ጎረቤታችን ቤቱን ሲያሳድስ ሽታው አጥር ዘሎ ገባና ምሳዬን ትቼ ተነሣሁ። አንቺ ልጄ "አዲስ ቤት፣ አዲስ ቤት ይላል" አልሽኝ። እኔን የሚለኝ ሌላ ነው፤ አጎቴን ነው የሚያመጣብኝ።

ቤታችን ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ፣ ወደ ደብረ ኤልያስ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። በሩ በጓሮ፣ በከብቶቹ በረት በኩል ነው። ወደ መንገዱ ያለው አንድ መስኮት ብቻ ነበር። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ በዚያ ትገባና እናቴና እኔ ከሥሩ ተቀምጠን እንፈትላለን። የእንዝርቱ ድምፅ፣ ከውጭ የአህያ ኮቴ፣ ዝናብ ያራሰው አፈር ሽታ፤ ዓይኔን ስጨፍን አሁንም አለ። አባቴ ጣሊያንን ሊወጋ ጫካ ከገባ ወዲህ ግን እናቴ እዚያ የምትቀመጠው ለፀሐዩ ብላ አልነበረም። ከገበያ ገበያ የምትዞር አንዲት ፈትል ገዢ ነበረች። ልቃቂቱን በእጇ እየመዘነች አንገቷን በመስኮቱ ታስገባና "ደኅና ነው" ትላለች። ሌላ ቃል የለም። ለሰሚው ስለ ፈትሉ ነው፤ እናቴ ግን የአባቴን ደኅንነት ሰምታ በዚያች ቃል ትሰነብት ነበር።

አጎቴ የአባቴ ታናሽ ነው። ወንድሙ ጫካ ሲገባ እሱ ለጣሊያን ገብቶ ተሾመ፤ የወንድሙንም ቤት "ልጠብቅላችሁ" ብሎ ያዘው። ለሹመቱ የሰጡትን ቀይ ካባ በጠራራ ፀሐይ እንኳ አያወልቀውም፤ ላቡ እየሸተተ ይንጎራደዳል። ከጣሊያንኛ የሚያውቀው "ግራሲያ"፣ "አመሰግናለሁ" የምትለዋን ቃል ብቻ ሲሆን፣ እሷኑ ለውሻውም ለበቅሎውም ይላት ነበር። ከተሾመ ወዲህ ሰው ሁሉ "እርስዎ" እንዲለው ያዝዛል። እናቴ ብቻ "አንተ" እንዳለችው ቀረች።

ክረምቱ ሊገባ ሲል "ይህ መስኮት ይፈርሳል፤ ባለ ሁለት ተከፋች በር ይገባበታል" አለ።

"ለምን?" አለች እናቴ።

"የጣሊያኑ ካፒቴን ሊጎበኘኝ ነው። እንዲያ ያለ ሰው እበት ላይ ተራምዶ ይግባ?"

"ዋርሳዬ፣ ወንድምህ ሲመጣ የሚገባው በዚያው ነው።"

"እሱ? እሱ ከእንግዲህ የሚገባው ገደል ነው" ብሎ ሳቀ። ድዱ ድረስ የሚታይ ሳቅ ነበረው፤ እስከ ዛሬ ያስጠላኛል።

ግንበኛና አናጢ ከጣሊያኖቹ ሰፈር አመጣ። መስኮቱን ነቅለው ከሥሩ ያለውን ግድግዳ እስከ መሬት አፈረሱ፤ የበሩን መቃን በስሚንቶ አቆሙ። ዝናቡ ቤት ገባ። እኛ ውኃውን እየጠረግን ስናወጣ እሱ ካባውን ሰብስቦ "ወደዚያ፣ ትንሽ ወደዚያ!" እያለ ያዝዛል። በሩ ሲያልቅ አረንጓዴ ቀለም ተቀባ። አጎቴ ቀኑን ሙሉ ሲከፍተውና ሲዘጋው ዋለ፤ ከውጭ ይገባል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ እንደገና ይወጣል። ብቻውን እንግዳም አስተናጋጅም ሆኖ ይለማመድ ነበር።

ካፒቴኑ መጣ። ላብ በላብ የሆነ ወፍራም ሰው ነው፤ ከበቅሎው እንኳ አልወረደም። በአለንጋው የበሩን ስፋት ለካና ለአስተርጓሚው አንድ ነገር አጉረመረመ።

"በሩ ሰፊ ነው ይላል" አለ አስተርጓሚው።

አጎቴ መሬት እስኪነካ አጎነበሰ። "ግራሲያ!"

"በቅሎ ከነጭነቱ ያስገባል ይላል። ከነገ ጀምሮ ቤቱ የጦሩ የበቅሎ ማደሪያ ነው።"

"ግራሲያ" አለ አጎቴ፤ አሁንም አጎነበሰ። ነገሩ የገባው ቀና ሲል ነው።

እኛ ወደ ማድ ቤቱ ገባን። አጎቴ ምድጃ ዳር ያለውን ደረቅ ቦታ ለራሱ ያዘ፤ እናቴና እኔ ከጥጆቹ ጋር ተኛን። በበሩም በአጥሩም ወታደር ቆመ። አጎቴ ደግሞ "ስሜን ታጠፋላችሁ" ብሎ ገበያ እንዳንወጣ ከለከለን። ፈትል ገዢዋ ቀረች። እናቴ በጨለማው ማድ ቤት እየፈተለች ኮቴ በሰማች ቁጥር እንዝርቷን ታቆም ነበር። ክረምቱ አለፈ፣ ሌላ ክረምትም መጣ፤ ማንም "ደኅና ነው" አላለንም።

ጣሊያን ሲወጣ ፈትል ገዢዋ መጣች። ቁጭ እንኳ ሳትል ነገረችን። በሩ በተሠራበት በዚያው ክረምት አባቴ ቆስሎ ደብረ ኤልያስ አንድ ቄስ ቤት ተደብቆ ነበር። "ሚስቴ ትምጣ" ብሎ ልኳት፣ እሷም ደጋግማ እስከ ደጃችን መጥታ ነበር። "መስኮቱ የለም። በበሩ ወታደር ቆሟል። ምን ልበል? እየፈራሁ ተመለስኩ፣ እቴ" አለች እያለቀሰች። አባቴ በዚያው ቁስል ሞቷል። ደብረ ኤልያስ ደግሞ ለእግረኛ የአንድ ቀን መንገድ ናት።

አጎቴ ያን ሰሞን ጎፈሬውን አሳድጎ "አርበኛ ነበርኩ" ማለት ጀምሮ ነበር። ለቅሶው ላይ ከሁሉ በላይ የጮኸ እሱ ነው። "ወንድሜ! ወንድሜ!" እያለ ደረቱን ይደቃል፤ ፊቱን ይሸፍንና ደግሞ በጣቶቹ መሐል ማን ማን እንደሚያየው ያጣራል። እናቴ ቀና ብላም አላየችው። እኔ ግን አየሁት፤ ጠግቤ አየሁት።

ለቅሶው ሲያበቃ እናቴ ይዛኝ ደብረ ኤልያስ ሄደች። ቄሱ ሽማግሌ ነበሩ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ሣር የዋጠውን መቃብር አሳዩን። እናቴ አላለቀሰችም። ሣሩን በእጇ እየነቀለች፣ "አባ፣ ሲሞት አጠገቡ ማን ነበር?" አለቻቸው።

"እኔ ነበርኩ፣ ልጄ። ውኃ እያጠጣሁት ነበር።"

ከዚያ ሊባርኳት መስቀላቸውን ዘረጉላት። እናቴ መስቀሉን ተሳለመች፤ ከዚያም ውኃ ያጠጣውን እጃቸውን ይዛ ግንባሯን አስደግፋበት ቆየች። ቄሱም እጃቸውን አልሰበሰቡም።