አፉ የማይገጥም ዓሣ

አባቴ በአደባባይ ባንዳ ብሎ ፈረደብኝ። ጥፋቴ ስለ አንድ ዓሣ ማውራቴ ነበር። ሌላ የለበትም። ነገሩን ማሳመር የሚፈልግ ያሳምረው፤ እኔ አላሳምርም። ያሳመሩት ሰዎች ምን እንዳደረጉኝ ትሰማለህ።

ትናንት ደብረ ማርቆስ ሐኪም ቤት የቀሩኝን ሁለት ጥርሶች አስነቀልኩ። ነርሷ መርፌ ልትወጋኝ ክንዴን በአልኮል ስትጠርግ ሽታው አፍንጫዬን ሰነፈጠኝና ያ ጠርሙስ ፊቴ ድቅን አለ።

«አባባ፣ አዞረዎት እንዴ?» አለችኝ።

«አይ፣ ዓሣ ትዝ ብሎኝ ነው» አልኳት።

ሳቀች። ዓሣ ባልኩ ቁጥር ሰው ይስቃል፤ ለምጄዋለሁ።

ጊዜው የጣሊያን ነው። ቤታችን ከአምበር ወዲያ ወንዝ ተሻግሮ ነበር። አባቴ የቅኔ መምህር ነበር፤ ከሩቅ ከሩቅ ተማሪ ይጎርፍለታል። አንድ ቃል ጆሮው ከገባ ከሥሩ ሁለተኛ ትርጉም ሳያወጣ አይለቀውም። «ጤፉ ደረሰ» ብትለው እንኳ «ወርቁስ?» የሚል ሰው ነበር። እኔ የበኩር ልጁ ግን ፊደል አልቆጠርኩም። የሰው ልጅ ሲያስተምር የሚውል ሰው እርሻውን የሚያርስለት ያስፈልገዋል፤ ያ እኔ ነበርኩ። እንደ ተማሪዎቹ «የኔታ» እለው ነበር። «አባባ» ብዬው አላውቅም። እናቴ ቀድማ ሞታለች። ይሄን ሁሉ አላየችም፤ ደግ አደረገች።

ጣሊያን መንገድ ሲያሠራ ከየመንደሩ ጎረምሳ እያፈሰ ወሰደ። እኔም ታፈስኩ። ድንጋይ ስንፈነቅል አንድ ቋጥኝ ተንሸራቶ ግራ እጄ ላይ ተኛ። ሁለት ጣቶቼ እዚያው ቀሩ። የቀረውን እጄን ከነባለቤቱ በካሚዮን ጫኑና ደብረ ማርቆስ አንድ የጣሊያን ወታደር ሐኪም ዘንድ ጣሉኝ።

የታከምኩበት ክፍል ቆርቆሮ ነበር። ዝናብ ሲጮህ መጀመሪያ የሰማሁት ያኔ ነው። የሣር ክዳን ዝናቡን ይውጠዋል፤ ቆርቆሮ ግን ይሳደባል። ያበጠ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ያን ጩኸት ስሰማ እውል ነበር። ክፍሉ የአልኮልና የረጠበ ዝገት ሽታ ነበረው። በመስኮቱ ደፍ ላይ ደግሞ ረጅም ጠርሙስ ቆሟል። የጠዋት ፀሐይ ሲያልፍበት ውስጡ ያለው ነገር ቅራሪ ይመስላል። በዚያ ቅራሪ ውስጥ አንድ ፍጥረት ተጠምጥሞ ነበር።

ውፍረቱ ከትንሿ ጣቴ አይበልጥም። ቢዘረጋ ግን ከደረቴ ይደርስ ነበር፤ ወደ ጅራቱ እንደ ጅራፍ እየቀጠነ ሄዶ ክር ይሆናል። ዓይኑ ትልቅ ነው። አፉ የወፍ መንቁር ነው፤ ታዲያ የላይኛው ወደ ላይ፣ የታችኛው ወደ ታች ተቀልብሶ፣ ጫፍና ጫፉ አይገናኝም።

«እባብ ነው?» አልኩት አስተርጓሚውን። አስተርጓሚው ከመረብ ማዶ የመጣ፣ አፉ የማያርፍ፣ ሳቂታ ሰው ነበር።

«ዓሣ ነው ይላል።»

«እባብን ዓሣ ብሎ ቢጠራው እባብነቱ ሊቀርለት?»

ይህን ሲተረጉምለት ሐኪሙ ሳቀ። ወንበሩን ወደ አልጋዬ ሳበ። ከዚያ ቀን ወዲያ ቁስሌን ባጠበ ቁጥር ስለዚያ ዓሣ ያወራኛል። ደግ ሰው ነበር አልልህም። እሱ የኔን እጅ ሲሰፋ ወገኖቹ ማዶ ቤት ያቃጥሉ ነበር፤ ጭሱ በመስኮት ይታየኝ ነበር። ግን ስለ ዓሣው ሲያወራ ጠላትነቱ ይጠፋበታል። የተወለደው በባሕር ዳር ከተማ ነው። እዚያ ሁለት ባሕር በጠባብ በር ሲገፋፋ ከጥልቁ ያሉትን ፍጥረቶች እየገለበጠ ዳር ላይ ይተፋቸዋል አሉ። ይሄን አባቱ ነው ከአሸዋ ላይ ያነሣለት።

ዓሣው የሚኖረው ፀሐይ ከማይደርስበት ጨለማ ውስጥ ነው። እንደ ተሰቀለ ገመድ ቀጥ ብሎ ይንጠለጠላል፤ አያሳድድም፣ ይጠብቃል። መንቁሩ ላይ እንደ ሞረድ የሚሻክር ጥቃቅን ጥርስ አለው። ባሕር ውስጥ ጢሙ የረዘመ፣ ፌንጣ የመሰለ ነገር አለ፤ ሲያልፍ ጢሙ በዚያ ጥርስ ላይ ይጠላለፍበታል፣ ጭጎጎት ልብስ እንደሚይዘው። ከዚያ ወዲያ ማምለጥ የለም።

«አፉን ሲዘጋስ?» አልኩ።

«አይዘጋም ይላል። አፉ አይገጥምም።»

«ቂጡስ የት ነው?»

አስተርጓሚው ጠየቀው። መልሱን ሲሰማ ጠርሙሱን እያየ ሳቁ አላናግር አለው። «ጉሮሮው ሥር ነው ይላል! የኔን ሥራ ነው የሚሠራው፤ በዚህ የገባው ሳይውል ሳያድር እዚሁ ይወጣል።» ስፌቴ እስኪያመኝ ሳቅኩ።

ሕፃን ሳለ ደግሞ ቅጠል ነው አለኝ። ጠፍጣፋ፣ ስስ፣ መስታወት የመሰለ ቅጠል፤ በውስጡ ማዶውን ታያለህ። ኋላ ነው እየጠበበ፣ እየጠቆረ ገመድ የሚሆን። «ሲያረጅስ?» ብዬ ጠይቄው ትከሻውን ነቀነቀ። ማንም አላየም። በቅርቡ አንድ የባዮሎጂ መምህር ከመጽሐፍ ፈልጎ ነገረኝ። ወንዱ ለአካለ መጠን ሲደርስ ጥርሱ ይረግፋል፤ ያ መንቁርም ያልቅና አፉ ያጥራል፤ ከዚያ አንድ ጊዜ ዘር ሰጥቶ ይሞታል ብለው ያምናሉ አለኝ። ያን ሲነግረኝ ምላሴ በራሱ ወደ ድዴ ሄደ።

እኔ እዚያ ተኝቼ ሳለሁ የአካባቢያችንን አርበኞች የሚመራው የጎበዝ አለቃ ተያዘ። ቆስሎ ገደሉ ውስጥ ካለ ዋሻ ተደብቆ ነበር። ዋሻውን የምናውቀው አባቴ፣ የአለቃው ወንድምና እኔ ብቻ ነን፤ ከመታፈሴ በፊት ስንቅ የማደርሰው እኔ ነበርኩና። ጣሊያኖቹ በቀጥታ መጥተው ወሰዱት። ገበያ መሐል ሰቀሉት። ማን እንደ ጠቆመ ዛሬም አላውቅም። ጭሱን አይተው ይሆናል፤ ውሃ ሲቀዳ ያየው ይኖራል። ሰው ግን የሚወቅሰው ሰው ይፈልጋል።

እኔ እጄን በነጭ ፋሻ ተጠቅልዬ አገሬ ገባሁ። ያን ነጭ ጨርቅ ሲያዩ ሴቶች ከመንገድ ዞር አሉልኝ። ምን እንደ ሆነ የነገረኝ አልነበረም። ቤት ስደርስ አባቴ ደጅ ጠበቀኝ። እጄን አላየም።

«ከጣሊያኑ ጋር ስታወራ ትውል ነበር ይላሉ። ምን?»

«ስለ ዓሣ፣ የኔታ።»

ወደ ኋላው ዞሮ ማንም አለመስማቱን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሌላ ንገረኝ። ውሸትም ቢሆን፣ የሚታመን ውሸት ንገረኝ።»

«ዓሣ ነው።»

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ከዋርካው ሥር ተሰበሰበ። የተሰቀለው ሰውዬ ወንድም ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ነገሩን እንዲመረምር የተሰየመው አባቴ ነበር፤ ከሱ የተሻለ ቃል የሚመረምር በአገሩ የለማ።

«ስለ ዓሣ!» አለ ወንድምየው። «ባሕር በሌለበት አገር! የጎጃም ልጅ ከፈረንጅ ጋር ወር ሙሉ ዓሣ ሲያወራ! እንዴት ያለ ዓሣ ነው? ጣፈጠህ ወይ?»

ሰዉ ሳቀ። አባቴ አልሳቀም። «ዓሣውን ተናገር» አለኝ።

ተናገርኩ። እንዳለ ነገርኳቸው፤ ለአንተ እንደ ነገርኩህ፤ ቂጡንም አልደበቅኩም። ስናገር አባቴ ዓይኑን ጨፈነ። ያን አጨፋፈን አውቀዋለሁ፤ ተማሪ ቅኔ ሲያሰማው እንደዚያ ነው የሚጨፍን። ጨርሼ ዝም ስል ቀስ ብሎ ተነሣ።

«አፉ የማይገጥም አለ» አለ። «ሰሙ የማይዘጋ አፍ ነው። ወርቁስ? ጠላትን የማይገጥም! ቂጡ ጉሮሮው ሥር ነው አለ፤ የዋጠው የማያድርበት፣ ምሥጢር የማይቋጥር። ከጨለማ ውስጥ አለ፤ ዋሻው ነው። በጢሙ ተጠላልፎ ይያዛል አለ...» እዚህ ላይ ቆመ። የተሰቀለው ሰውዬ ጢሙ ደረቱ ላይ የወረደ ሰው ነበር። «ልጁ ኃጢአቱ ከብዶት በቅኔ ተናዘዘ። እኔ ፈታሁት።»

«ይበል!» አለ አንዱ። «ይበል! ይበል!» አለ አገሩ በሙሉ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ግሩም ቅኔ ሲሰማ እንደሚለው። ሴቶቹ ሳይቀሩ ደረታቸውን ይዘው አለቀሱ። እውነትም አምሮ ነበር፤ እኔ ራሴ ለቅጽበት ገረመኝ።

እኔ ቅኔ አላውቅም። ፊደል እንኳ አላውቅም። ይህን ብዬ ጮህኩ። «የቅኔ መምህር ልጅ!» ብለው ሳቁብኝ።

አባቴ ወደ ጠመንጃው እያየ፣ «ደሙ አይፍሰስ። ከዛሬ ወዲያ ግን ልጅ የለኝም፤ ይህን አገር እንዳይረግጥ» አለ። ወንድምየው ጠመንጃውን አነገተ። የወጣሁት ከዚያው ከዋርካው ሥር ነው፤ ጋቢዬን እንኳ ከቤት አላነሣሁም። እጮኛዬን በዚያው ዓመት ለሌላ ዳሯት።

ስማኝ፣ እነዚያ ሰዎች እኮ በየዓመቱ ለሩፋኤል ባሕር ውስጥ በዓሣ አንበሪ ጀርባ ላይ ቤተ ክርስቲያን እንደ ተሠራ፣ ዓሣው ሲነቃነቅ መልአኩ በበትረ መስቀሉ ወግቶ ጸጥ እንዳደረገው እየሰሙ እልል የሚሉ ናቸው። ያን የሚያነብላቸው አባቴ ነበር። ቤተ ክርስቲያን የተሸከመውን አመኑ፤ የኔን እንደ ጣት የቀጠነ ዓሣ ማመን አቃታቸው። እግዜር ይመስገን፣ የነሱ ዓሣ ወርቅ አያስፈልገውም።

ደጀን ወረድኩ። በሦስት ጣትና በአንድ ደኅና እጅ ካሚዮን ስጭን፣ ሳራግፍ ኖርኩ። ጣሊያን ሄደ፤ እኔ ባንዳ እንደ ሆንኩ ቀረሁ። ከአገሬ ሰው ገበያ ሲመጣ ያውቀኛል። «ዓሣው መጣ፤ አፋችሁን ግጠሙ!» ይባባላሉ። ፊደል የቆጠርኩት ሠላሳ ካለፈኝ በኋላ ነው፤ አንድ የቄስ ልጅ፣ የካሚዮን ረዳት፣ በጭነት ጆንያ ላይ በከሰል እየጻፈ አስተማረኝ። መጀመሪያ እንዲያስጽፈኝ የለመንኩት ቃል «ገጠመ» የሚለውን ነው። አየሁት። ሦስት ፊደል ነው። ደጋግሜ አየሁት፤ ሌላ ነገር አልታየኝም።

ከዓመታት በኋላ አባቴ መነጽር ሊገዛ ደብረ ማርቆስ ወጣ። የገባበት ሱቅ የዚያ የአስተርጓሚው ሆኖ ተገኘ፤ ሰውዬው እዚያው አግብቶ ቀርቶ ነበር። እሱ እንደ ልማዱ ደንበኛ ሲያስቅ፣ የጣሊያኑን ሐኪም ዓሣ ያወራል። አባቴ ቆሞ ሰማ። መንቁሩን፣ ጢሙን፣ ቂጡን፣ ቅጠሉን። ቃል በቃል። ኋላ አስተርጓሚው ራሱ እንደ ነገረኝ፣ ሽማግሌው ጠረጴዛውን ይዞ «ወርቁስ?» አለው።

«የምን ወርቅ፣ አባቴ? እኔ የምሸጠው ሳሙና ነው።»

መነጽሩን ሳይገዛ ወጣ።

በክረምቱ ማብቂያ አንድ ተማሪ ደጀን ድረስ መጥቶ «የኔታ ታመዋል፤ ይጠሩሃል» አለኝ። አልሄድም አልኩት። ሄድኩ። ስደርስ ዝናብ ይጥል ነበር፤ ልጆች ራቁታቸውን ውጭ እየዘለሉ «ሩፋኤል አሳድገኝ!» ይላሉ። እኔም በልጅነቴ እንደዚያ ስዘል ትዝ አለኝና አሳደገኝ፣ ምን አደረገልኝ አልኩ።

አባቴ መደብ ላይ ሆኖ አንሶ ነበር። ተማሪዎቹን አስወጣ።

«ዓሣው እውነት ነበር?»

«እውነት ነበር፣ የኔታ።»

«ወርቅ አልነበረውም?»

«ሰም ብቻ ነው።»

ውኃው በጣሪያው ሣር ውስጥ ሲሰርግ ይሰማ ነበር። «ፍቺው አምሮልኝ ነበር» አለ ቆይቶ። «ይበል ሲሉኝ ሆዴ ሞቀ። አንተን ለማየት ጊዜ አላገኘሁም።» ደግሞ ጥቂት ተነፈሰና «ነገ ሰው ሰብስቡልኝ፤ ሰሙን ብቻ እነግራቸዋለሁ» አለ። «አሁን እንደገና ንገረኝ።»

ነገርኩት። አሁን ዓይኑን አልጨፈነም፤ አፌን አፌን ያያል። ከቅጠሉ ስደርስ አስቆመኝ።

«ማዶውን ያሳያል?»

«ያሳያል።»

«ምንም አይደብቅም?»

«ምንም።»

ጥርስ ባልቀረው አፉ ፈገግ አለ። ቀጠልኩ፤ እየጠበበ፣ እየጠቆረ ይሄዳል ስለው የማወራው ለብቻዬ እንደ ሆነ ገባኝ።

ሰው አልተሰበሰበም። ለማንም አልተነገረም፤ አገሩ ዛሬም ዓሣው እንዳለኝ ነው። ሊገንዙት የመጡት ካህናት አፉን ሊዘጉት ቢሞክሩ እምቢ አላቸው፤ በለቀቁት ቁጥር ይከፈታል። «ለኔ ተዉት» አልኩ። ከጋቢዬ ጥለት ቀደድኩና በአገጩ አዙሬ አናቱ ላይ አሰርኩት። ጨርቁ ቢላላ ብዬ መንጋጋውን በሦስት ጣቴ ደግፌ ያዝኩ። «አባባ» አልኩት። ዝናቡ እስኪያባራ ያዝኩት፤ ኋላ ስለቀው ገጥሞ ነበር። ጳጉሜን ሦስት ቀን ነው፣ ዘመነ ማርቆስ ሊወጣ ሁለት ቀን ሲቀረው።