ለፈረንጅ የተላኩ ሽማግሌዎች

ከአገር የወጣሁ ዕለት ማታ እናቴ ሻንጣዬን ስትፈትሽ የድራም ስቲኮቼን በነጠላ እንደተጠቀለሉ አገኘቻቸው። መልሳ ጠቀለለቻቸውና፣ «ይሄን ነገር ትታለች፣ ነርስነት ልትማር ነው ብዬ ለአባትሽ ነግሬዋለሁ፤ እንዳታዋርጂኝ» አለችኝ። ሰርግ ቤት ከበሮ ስመታ እልል ያለልኝ ዘመድ ሁሉ፣ ሆቴል ባንድ ውስጥ ድራም ላይ ስቀመጥ ነውር ነው ብሏል። እሺ አልኳት። ዋሸኋት።

ቶሮንቶ፣ ፍሌሚንግደን ፓርክ፣ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ተከራየሁ። ሐምሌን ብርድ ነው ብለን ስናማው የኖርነው በከንቱ ነው። ጠዋት መጋዘን ውስጥ ካርቶን አሽጋለሁ፤ ከሰዓት ትራስ እየመታሁ እለማመዳለሁ፤ አንድ የጃዝ ባንድ ሊፈትነኝ ቀጥሮኛል። የእጄን ድምፅ ትራሱ ይውጥልኛል፤ ወለሉን የሚመታውን እግሬን ግን ምን ይዋጠው? ከታች አንድ ሰው ጣራውን በመጥረጊያ እንጨት ይነርተው ጀመር።

ሱፐር የሚሉት የሕንፃው ኃላፊ ደብዳቤ ይዞ መጣ። «ስለ ድራም አቤቱታ ቀርቦብሻል። አንዴ ከተደገመ ትወጫለሽ።»

«ድራም የለኝም፤ ትራስ ነው።»

«እንግዲያው ትራስሽን ዝም አሰኚው።»

ፈራሁ። ከዚያ ቤት ብወጣ መግቢያ የለኝም፤ ሳልለማመድ ብፈተን ደግሞ እንደምወድቅ አውቃለሁ። ሰው ሲቀየመን የምናውቀው መላ አንድ ነው፤ ሽማግሌ መላክ። ዳንፎርዝ ላይ ሱቅ ያላቸው ጋሽ መኮንን ሁለት ጓደኞቻቸውን አስከትለው፣ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ እኔን ድፎ ዳቦ አሸክመውኝ የታችኛውን በር አንኳኩ። ሰማንያ የዘለሉ ነጭ አሮጊት ከፈቱ።

«የሃይማኖት መጽሐፍ ከሆነ አልፈልግም።»

«ልጃችን አጥፍታለች፤ ይቅር እንዲሏት ነው የመጣነው» አሉ ጋሽ መኮንን በእንግሊዝኛ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል አሮጊቷ ራሴን የሳትኩ መስሏቸው በሁለት እጃቸው ደገፉኝ።

ስማቸው ሩት ይባላል። ነገሩ ሲገባቸው ሳቁ። «ለሱፐሩ የጻፍኩት እኔ ነኝ። የከሰስኩት ግን የምቱን ችኮላ እንጂ ጩኸቱን አይደለም። ያ ሱፐር አንብቦ አይጨርስም።»

ግድግዳው ላይ ፎቶ ነበር፤ ሴቶች ብቻ ያሉበት ባንድ፣ መሃል ድራም ላይ ራሳቸው። «በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወንዶቹ ሲዘምቱ ከተማውን በስዊንግ ጃዝ ያስጨፈርነው እኛ ነን። ሲመለሱ ቦታችንን ወሰዱት። ባሌም ደስ አለው። ይኸው ስልሳ ዓመት፣ ስቲክ አልጨበጥኩም።» ጋሽ መኮንን ባርኔጣቸውን አወለቁ። እኔ አለቀስኩ። «ነገ ተለማመጂ» አሉኝ ሩት፤ «ስትቸኩዪ የምቱን ልክ ከታች በመጥረጊያዬ እመታልሻለሁ።»

የፈተናው ዋዜማ እናቴ ደወለች። «ያን ነገር ተውሽው አይደል?»

የልምምዴ ሰዓት ደርሶ ነበር። ከታች መጥረጊያው ረጋ ብሎ መምታት ጀመረ።

«ሰው እያንኳኳ ነው መሰለኝ» አለች።

ስልኩን ሳልዘጋ ወለሉ ላይ አስቀመጥኩትና ስቲኮቼን አነሳሁ። እናቴ ምን እንዳለች አልሰማሁም።