ሉሉ ጆሮዋን ሮዝ ተቀብታ

ይህ ነገር የደረሰው ባለፈው ዓመት፣ ከፋሲካ በኋላ ሠርግና ልደት በሚበዛበት ሰሞን ነው። የአንዲት ቡችላ ጉዳይ ስለሆነ ለሰው ስናገር ብዙ ጊዜ ይሳቅብኛል። እኔ ግን ነገሩ እስከ ዛሬ ከሆዴ አልወጣም። ውሻዋ ስላሳዘነችኝ ብቻ አይደለም። ቡችላን «ልጄ» እያሉ የሚያለቅሱ ሰዎች ለዚያች ልጃቸው ያደረጉትን በዓይኔ ስላየሁ ነው።

የምሠራው ፒያሳ፣ ከምኒልክ አደባባይ ብዙ በማይርቅ ኬክ ቤት ውስጥ ነው። ካሸር ነኝ። ቤቴም ከጊዮርጊስ ወረድ ብሎ ነው። የቀበሌ ቤት ናት፤ ዙሪያዋ ፈርሶ እሷ እስካሁን ቆማለች። ታናሽ ወንድሜ ሳምሶን ያደገው እዚያች ቤት ነው። እናታችን ቀድማ ስላረፈች ያሳደግኩት እኔ ነኝ። አሁን አግብቶ ቦሌ በኩል አፓርታማ ውስጥ ይኖራል። ሚስቱ ቤቲ ትባላለች። ክፉ ሰው አይደለችም። ስልኳን ከእጇ ቢወስዱባት ግን ምን እንደሚቀራት አላውቅም።

ሉሉ የእነሱ ውሻ ናት። ማልቲዝ የሚሉት ትንሽ ዘር ነው፤ ድምቡሽ ያለች፣ ነጭ፣ በእጅ ቦርሳ የምትገባ። ያኔ ገና የወተት ጥርሷን እየቀየረች ነበር። የግራ ጆሮዋ ከውስጥ በኩል ማኪያቶ የፈሰሰበት የመሰለ ነጠብጣብ አለባት። ደስ ሲላት ደግሞ ታስነጥሳለች። እውነቱን ለመናገር፣ ውሻ ለጥበቃ እንጂ ለማቀፍ ነው ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ይህቺ ግን ቤታቸው በሄድኩ ቁጥር እግሬ ሥር መጥታ ስታስነጥስ ልቤን አሸነፈችው።

ባልና ሚስቱ ለእረፍት ዛንዚባር ሊሄዱ ሆነ። ሳምሶን ሲነግረኝ «ሉሉን እኔ ጋ ተዋት» አልኩት። እሱ ዞር ብሎ ሚስቱን አያት።

«እትዬ ጽጌ፣ አንቺን ላለማስቸገር ነው» አለች ቤቲ። «ደግሞ ሉሉ ሴንሲቲቭ ናት። ያንቺ ቤት ትንሽ እርጥበት አለው አይደል?»

ያ እርጥበት ባሏን አሳድጎ ዩኒቨርሲቲ አስገብቶታል። ለማልቲዝ ግን አልተስማማም። ሳምሶን ዝም አለ። የእሱ ዝምታ ነው ያናደደኝ።

ውሻዋን የሚቀበል ማረፊያ በኢንተርኔት አግኝተው ነበር፤ አምስት ኪሎ አካባቢ ነው። እነሱ በሌሉበት ለሚፈጠር ነገር የሚጠራ ሰው ከተማ ውስጥ መኖር ስላለበት እኔም አብሬያቸው ሄድኩ። ግቢው ላይ የፕላስቲክ ሣር ተነጥፏል፤ ግድግዳው ላይ የውሻ ኮቴ ተስሏል። ባለቤቱ ናሆም የሚባል፣ ጢሙን በቅባት ያስተኛ ወጣት ነው። ሉሉን እንዳየ ተንበረከከና በእንግሊዝኛ ያናግራት ጀመር። አማርኛ ምን በድሎት ነው አልኩ በሆዴ።

«እዚህ ውሻ የሚል ቃል አንጠቀምም» አለን ቀና ብሎ። «እንግዶቻችን ነው የምንላቸው።»

ቤቲ ሻርቧን ከአንገቷ አውልቃ፣ ጠረኔ አይለያት ብላ ለሉሉ አነጠፈችላትና አለቀሰች። ሳምሶን ቀረጻት። ከዚያ ቪዲዮውን አየችውና ብርሃኑ አላማራትም። በር ላይ ወጥታ እንደገና አለቀሰች፤ እሱም እንደገና ቀረጻት። ይህን ቆሜ አየሁ። ሉሉ በናሆም ብብት ሥር ሆና እኔን ታየኛለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ናሆም በቴሌግራም ቪዲዮ ይልክ ነበር። እኔንም ግሩፑ ውስጥ አስገቡኝ። ሉሉ ትራስ ላይ ተኝታ፣ ሉሉ በኳስ ስትጫወት፣ ከሥሩ ሙዚቃ፣ ከላዩ ልብ። ቤቲ ከዛንዚባር ባሕር ዳርቻ ሆና «ልጄን! ናፈቅሽኝ!» ብላ ትመልሳለች። እኔ ስለ ቪዲዮ ብዙ አላውቅም። ግን ሉሉ ሁልጊዜ ንጹህ፣ ሁልጊዜ ያው ትራስ ላይ፣ ሁልጊዜ ያው ብርሃን ውስጥ መሆኗ ትንሽ ከንክኖኛል። ጥርጣሬዬን ለማንም አልተናገርኩም፤ የማይገባት አሮጊት እንዳልባል።

አንድ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ኬክ ቤቱ ጢም ብሎ ነበር። ፀሐዩ ያቃጥላል። ከአደባባዩ በኩል ልደት የሚያከብሩ ልጆች እየተንጫጩ ገቡ። ባለ ልደቷ ረጅም ሮዝ ቀሚስ ለብሳለች። ፎቶ አንሺው ካሜራውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ከፊት ከፊት ወደ ኋላ እየሄደ ያነሳታል። በክንዷ ላይ ቡችላ ይዛለች። ቡችላዋም ሮዝ ቀሚስ ለብሳለች። ጆሮዎቿ ሳይቀሩ ሮዝ ተቀብተዋል።

መጀመሪያ አላወቅኳትም። ሰው ውሻን እንዲህ ያደርጋል እንዴ ብዬ ብቻ ተገረምኩ። ጠረጴዛ ላይ፣ ከኬኩ አጠገብ አስቀመጧት። ምላሷ ወጥቷል፣ ዓይኖቿ ያለቅሳሉ፣ ትንቀጠቀጣለች። ባለ ልደቷ ክሬም በጣቷ ዝቃ አፏ ላይ ለወሰችባት። ሁሉም ሳቁ። ቡችላዋ በኋላ እግሯ ጆሮዋን ስታክ፣ ጆሮዋ ተገለበጠና ያ ነጠብጣብ ታየኝ።

ከባንኮኒው ጀርባ ወጣሁ። «ሉሉ!» አልኩ።

ጭንቅላቷን ቀና አደረገች። ከዚያ በዚያ ሁሉ ክሬም ውስጥ አስነጠሰች።

«ማዘር፣ ስሟ ፕሪንሰስ ነው» አለ ፎቶ አንሺው።

«የማን ናት?»

«የኔ አይደለችም። ለፎቶ ነው ያመጣናት። አምስት ኪሎ ናሆም የሚባል ልጅ አለ፤ እሱ ነው የሚያከራየን። ቆንጆ ናት አይደል? በዚህ ሳምንት ያልተነሳ ሙሽራ የለም ከሷ ጋር።»

ከጠረጴዛው አነሳኋት። ቀሚሱ ላስቲክ ነበረው፤ ብብቷ ሥር ገብቶ ቆዳዋን ልጦታል። ጆሮዋም ከቀለሙ ሥር ቆስሏል። ይህን እያየሁ የእጅ ስልኬ ጮኸ። ናሆም ቪዲዮ ልኳል። ሉሉ ትራስ ላይ ተኝታለች። «ሉሉዬ አሁን ምሳዋን በልታ ተኛች» ይላል ጽሑፉ።

ስልኩን ለፎቶ አንሺው አሳየሁት። አየና ሳቀ። ከዚያ እጄ ላይ ያለችውን አየና ሳቁን ተወው። «ኧረ ሼም ነው» አለ ቀስ ብሎ። ይህን በማለቱ ብቻ ከሌሎቹ ይሻላል እላለሁ። ለናሆም የደወለለትም እሱ ነው።

ሉሉ በዚያው ቅጽበት የበላችውን ክሬም ሁሉ አስታወከችው። ጥቂቱ ባለ ልደቷ ላይ ተፈናጠረ።

«ወይኔ ቀሚሴ!» ብላ ጮኸች። ከዚያ ሉሉን ይዤ ስሄድ አየችና ተከተለችኝ። «ወዴት ነው የምትወስጃት? ፎቶው እኮ አላለቀም!»

«ከፈለግሽ እኔን አቅፈሽኝ ተነሺ» አልኳት። «ዛሬ ያለ ቀለምም ቀልቻለሁ።»

ጓደኞቿ ሳቁ፤ እሷ አልሳቀችም። እኔም የምሬን ነበር። ሉሉን ከባንኮኒው ጀርባ ወስጄ ውሃ በስኒ ማስቀመጫ ሰጠኋት። እየጠጣች ትንፋሽ ያጥራት ነበር።

ናሆም ብዙም ሳይቆይ በላብ ተጠምቆ ደረሰ። ጢሙ ግን አሁንም ተኝቷል።

«እናቴ፣ ይረጋጉ» አለኝ። «ይሄ ሶሻላይዜሽን ይባላል። ቡችሎች ሰው እንዲለምዱ ከሰው ጋር መቀላቀል አለባቸው። ሳይንሱ ነው እንዲህ የሚለው።»

«ጆሮዋን ቀብቶ ማከራየትም ሳይንስ ነው?»

«ቀለሙ ኦርጋኒክ ነው።»

«እስቲ ጢምህን ተቀባውና ንገረኝ።»

ኬክ ቤቱ በሙሉ ዞሮ ያየን ጀመር። ናሆም ፊቱ ተለወጠ። በውል የተረከብኩት ከባለቤቶቿ ነው፣ የማስረክበውም ለባለቤቶቿ ብቻ ነው፣ እርስዎ ምንም መብት የለዎትም አለኝ። እጁን ወደ ሉሉ ሰደደ። ሉሉ ክንዴ ሥር ገባች። እኔም ሌላ ስላልታየኝ ለሳምሶን በቪዲዮ ደወልኩ።

ያነሳችው ቤቲ ናት። ከኋላዋ ባሕሩ ይታያል። ሉሉን አዙሬ አሳየኋት። ጩኸቷ ኬክ ቤቱን ሞላው። እፎይ አልኩ፤ እናት ከሆነች ይኸው እናትነቷ መጣ ብዬ። ናሆም ግን ስልኩን ከእጄ ተቀበለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራት ጀመር። ይቅርታ፣ አለመግባባት ነው፣ በሰዎች ዘንድ በጣም ተወዳለች፣ ፎቶዎቹን ሁሉ እልክልሻለሁ። የቤቲ ፊት ቀስ በቀስ ሲረጋጋ አየሁ።

«እትዬ» አለችኝ ስልኩ ሲመለስልኝ፣ «ይቅርታ ጠይቋል። ልንመጣ ትንሽ ነው የቀረን። እሱ ጋ ትመለስ፤ ቢያንስ ቦታውን ለምዳዋለች።»

የሰማሁትን ማመን አቃተኝ። «ጆሮዋ ቆስሏል እኮ ቤቲ» አልኳት።

«ፒንኩ በውሃ ይለቃል ብሏል።»

ናሆም እጆቹን ዘርግቶ ቆሟል። ሰውም ያየኛል። እውነትም ውሻዋ የእኔ አይደለችም። በዚያች ሰዓት ብሰጣት ማንም አይወቅሰኝም ነበር።

«ሳምሶንን ስጪኝ» አልኳት። መጣ። ኮፍያ አድርጓል። «አይተሃታል» አልኩት። «አልሰጥም። አንተ ስጪ ካልክ ግን ከዛሬ ጀምሮ እኔን እህቴ አትበለኝ።»

ኮፍያውን አወለቀ። ቤቲ ከጎኑ የሆነ ነገር ስትለው ይሰማል።

«እትዬ ያለችው ይሁን» አለ በመጨረሻ። ለእኔ አይደለም የተናገረው፤ ለእሷ ነው። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ።

ናሆም የዘረጋቸውን እጆቹን ሰበሰበ። ሲወጣ በር ላይ ዞር ብሎ «ስለ እርስዎ ኮሜንት እጽፋለሁ» አለኝ። የት እንደሚጽፈው እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

ሉሉን በቀጥታ ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰድኳት። ሐኪሟ ቀለሙ ጆሮዋን እንዳቃጠለው፣ ሙቀቱም ሰውነቷን እንዳደከመው ነገረችኝ። እንደዚያው ፀሐይ ላይ ቢያውሏት ኖሮ ልትሞት ትችል ነበር አለችኝ። የጆሮዋን ፀጉር ላጨቻትና ቅባት ሰጠችኝ። ያንን እርጥበት አለው የተባለ ቤት አስገባኋት። ከሥራ ባመጣሁት የኬክ ካርቶን ውስጥ አሮጌ ብርድ ልብስ አንጥፌላት ተኛች። መጀመሪያ እህል አልቀምስ አለች። ቅባቱን ስቀባት ታለቅሳለች፤ እኔም አብሬያት። ከቀናት በኋላ ከሥራ ስመለስ በር ላይ ጠብቃ ስታስነጥስብኝ ነው መዳኗን ያመንኩት።

ባልና ሚስቱ ከአውሮፕላን ጣቢያ በቀጥታ እኔ ጋ መጡ። ቤቲ የተላጨውን ጆሮዋን አይታ እንደገና አለቀሰች። ቁስሉን አይታ ነው ብዬ ነበር። «ፀጉሯ እስኪያድግ ገጼ ላይ ምን ልለጥፍ ነው?» አለች። ሳምሶን መሬት መሬት ያያል። ሲወጡ ወደ ኋላ ቀርቶ ጉልበቴን ሳመኝ።

ናሆም ማረፊያውን አልዘጋም። ከዚያ ወዲህ እንዲያውም ሉሉን በሮዝ ቀሚስ ማስታወቂያው ላይ አድርጓታል። ቤቲም ከሥሩ ልብ አስቀምጣለች። ባለፈው ወር እንደገና ሲጓዙ ግን ሳምሶን ውሻዋን ራሱ ይዞ ወደ እኔ መጣ። ቤቲ ለጓደኞቿ ምን እንዳለች ሰምቻለሁ። «ሉሉ በጥንታዊው አራዳ ውስጥ ባለ ልዩ የቤተሰብ ማረፊያ ናት» ብላለች። ቀበሌ ቤቴ ማረፊያ ሆነች ማለት ነው። ሳቅኩ፤ ግን የደስታ ሳቅ አልነበረም።

ስለ ነገሩ አሁን የሚሰማኝን ከጠየቃችሁኝ፣ ንቀት ነው። ናሆምን ንቄዋለሁ፤ እሱ ቢያንስ ሥራዬ ነው ብሎ ነው። የበለጠ የናቅኩት ያንን ለቅሶ ነው፤ ሁለት ጊዜ የተቀረጸውን።

በአደባባዩ ሳልፍ ቡችላ አቅፎ የሚነሳ ሰው ካየሁ አሁንም እቆማለሁ። ቀሚሷን አላይም፣ ዓይኖቿን ነው የማየው። «የማን ናት?» ብዬ እጠይቃለሁ። ፎቶ አንሺዎቹ ለምደውኛል፤ «የውሾቹ ማዘር መጣች» እያሉ ሙድ ይይዙብኛል። ይያዙ። መልሱን ሳልሰማ ግን አልሄድም።