የሌሊሴ ዋሻ

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ሚኒሶታ፣ አፕል ቫሊ፣ አብሮ አደጌ ሌሊሴ ቤት፣ ግማሽ ግድግዳ በሚሸፍነው ቴሌቪዥን የህንድ ጉዞዋን ፎቶ ስታሳየን ዋለች። የቡድሃ መነኮሳት በጥንት ዘመን ከገደል ፈልፍለው የሠሯቸው ዋሻዎች ናቸው፤ ምሰሶው፣ ጣሪያው፣ ደጃፉ ሁሉ ከአንድ አለት። ሌሊሴ በየምሰሶው ሥር ባርኔጣዋን ደፍታ ቆማለች። ፎቶውን ቶሎ ቶሎ ስታሳልፈው ልጇ "ማም፣ ስሎው ዳውን" ትላለች፤ እኔ "ሲያምር!" እላለሁ፤ ቅናቴን ግን ለራሴ እይዛለሁ። ከዚያ የተኛው ቡድሃ መጣ፣ ራሱን በድንጋይ ትራስ ላይ አሳርፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ፈገግ እንዳለ፤ እኔም ሳላስበው ነቀምት፣ ሰባተኛ ክፍል፣ ከሌሊሴ ጋር የምጋራው ዴስክ ላይ ተመልሼ ቁጭ አልኩ።

የጂኦግራፊ አስተማሪያችን ከህንድ የመጣ፣ ፀጉሩ የኮኮናት ቅባት የሚሸት፣ በጠመኔ የነጣ እጅጌውን እፍ እፍ እያለ የሚያስተምር ቀጭን ሰው ነበር። የዚያን የተኛ ቡድሃ ፖስትካርድ ከአገሩ ይዞ መጥቶ ኖሮ አንድ ቀን በየዴስኩ አዞረልን፤ እኔ ቅዱስ መስሎኝ ልሳለመው ስል ሌሊሴ በክርኗ ጎሸመችኝ። በፈተናው አንደኛ ለወጣ እሰጣታለሁ አለ። ያን ሰሞን እራት ላይ ሳይቀር የወንዝ ስም ሳነበንብ እናቴ ያመመኝ መስሏት ነበር።

የፈተናው ቀን አስተማሪው አጠገቤ መጥቶ ቆመ፣ ጋንጀስ የት ይገባል ለሚለው የጻፍኩትን አየና ራሱን ግራና ቀኝ ወዘወዘ። ከመጣ ገና ወሩ ነው፤ አመሉን አልለመድነውም። ክው ብዬ "ቤንጋል" ያልኩትን በላጲስ አጠፋሁና "ዓረብ ባሕር" ብዬ ጻፍኩ። በአንድ ማርክ ሁለተኛ ወጣሁ፤ ፖስትካርዷ የሌሊሴ ሆነች። የዚያ ሰው ራስ መወዝወዝ "ጎበዝ" ማለት መሆኑን ክፍሉ ያወቀው ፋሲካ ካለፈ በኋላ ነው። እኔም የራሴ ዕድል ነው ብዬ በሌሊሴ እየቀናሁባትም እየወደድኳትም አደግኩ፤ እዚህ ሚኒሶታ ድረስም ተከታትለን መጣን።

ቅዳሜ ዕለት ከፎቶዎቹ መሃል በመጣ ቪዲዮ ላይ ህንዳዊው አስጎብኚ ራሱን ሲወዘውዝ ሌሊሴ በሳቅ ፈረሰች።

"ሚስተርን አስታወስሽው? እኔኮ ያኔም ገብቶኝ ነበር። አባዬ ሆስፒታል ከህንድ ዶክተር ጋር አይደል ይሠራ የነበረው? 'እሺ ማለታቸው ነው' ብሎ ነግሮኝ ነበር። ስታጠፊው እኮ አይቼሻለሁ!"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ፖስትካርዷን ፈልጌያት ነበራ! አሁን የት እንደገባች እንኳ አይ ዶንት ኖው።"

ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅኩ። ፖስትካርዷን ማጣቱን ከለመድኩት ቆይቻለሁ፤ ያኔ ዴስኩ ላይ ከጎኔ ትቀመጥ የነበረችውን ልጅ ግን ያጣኋት ገና ያን ቀን፣ እዚያ ሶፋ ላይ ነው።

ሌሊሴ አቀፈችኝ። "በሚመጣው ዓመት ቲኬቱን እኔ ቡክ አደርጋለሁ፣ አብረን እንሂድ። አንቺ ካላየሽው ማን ሊያየው ነው?"

ጉልበቴ ወደ ዋሻዎቹ የሚያስወጣውን ያን ሁሉ ዳገት አይችልም አልኳት። ጉልበቴን ምንም አላመመኝም።