የፍሪጅ በረዶ

አባቴ ሸዋ ሮቢት ውስጥ ላገኘው ሰው ሁሉ "ልጄ በረዶ ላይ ነው የምትሠራው" ይላል። እውነቱን ነው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሸክላ ዱቄት በውሃ እበጠብጥና ከሥር ወደ ላይ አቀዘቅዘዋለሁ። በረዶው ስስ ስስ ቅጠል እያወጣ ሽቅብ ሲያድግ ዱቄቱን ወደ ጎን ይገፋዋል። በኋላ በረዶው ሳይቀልጥ ተንኖ እንዲወጣ አደርግና የቀረውን በእሳት እተኩሰዋለሁ። በረዶ የነበረበት ቦታ ሁሉ ቀዳዳ ይሆናል። የአጥንትና የእንጨት ውስጥም እንዲሁ ነው፤ ቀላልም ጠንካራም የሚሆኑት ለዚህ ነው። እኛም የኮረጅነው ከእነሱ ነው።

ጣጣው፣ በእኛ ቋንቋ ፍሪጅ ውስጥ ያለውም ከሰማይ የሚወርደውም በረዶ መባሉ ነው።

ባለፈው ክረምት ለእረፍት ቤት በገባሁ ማግስት በረዶ ጣለ። ቆላ ነን፤ እንደዚያ ያለው ብዙ አያጋጥመንም። በነጋታው ጠዋት ከከተማው ወጣ ብለው ማሾ የሚያርሱ የአባቴ የድሮ ወዳጅ መጡ። ጭቃ የነካ ሽርጣቸውን ሰብስበው ተቀመጡ።

"ልጄ፣ መምጣትሽን ስሰማ አልሐምዱሊላህ አልኩ። ድሮ ደመናውን ከማሳችን የሚያዞርልን በረዶ መላሽ ነበረን፤ አሁን ትምህርቱ እናንተ ጋ ነው። የተረፈችዋን ማሳ እንኳ የሚያድን ነገር አገኛችሁ?"

አባቴን አየሁት። አዎ እንድል እየጠበቀ ነበር። ለካ ለእሱም የመሰለው እንደዚያ ነው! ፊቴ ጋለ።

"ጋሼ፣ የእኔ የፍሪጅ በረዶ ነው" አልኩ። ድምፄ ለራሴም በቅጡ አልተሰማኝም።

አባቴ አንገቱን ደፋ። ለእሱ ብዬ፣ ላሳየው ያመጣኋትን የሸክላ ቁራጭ ከቦርሳዬ አወጣሁና እንደ ክፍል ውስጥ መለፍለፍ ጀመርኩ፤ በረዶው ይሄዳል፣ ቀዳዳው ይቀራል፣ ውሃ ያጣራል፣ እኛ የምንፈልገው ቀዳዳውን ነው። አፌን ማቆም አቃተኝ።

ጋሼ እስክጨርስ በትዕግሥት ሰሙኝ። ከዚያ ሊያሳዩኝ ይዘውት የመጡትን የማሾ ቅጠል ከኮታቸው ኪስ አውጥተው ከሸክላዋ ጎን አስቀመጡት። በረዶው በሳስቶታል።

"የፈለግሽው ቀዳዳ ከሆነማ፣ እኛ ጋ ሞልቷል" አሉ።

ሊያስቁን ነው። አባቴም ለወጉ ሳቀ። እኔ ሸክላዬን አንስቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ፤ ቅጠሉን ለማንሳት ግን አፈርኩ።