ከወግዲ የመጣ ፉጨት

ልጄ ከአዲስ አበባ ሁለት እህትማማች ጊኒ ፒጎች አመጣች። ጅራት የለሽ አይጥ ይመስላሉ። ቤቱ ስለጠበበን አንዷን ወግዲ ለሚኖረው ወንድሜ ለሰይድ ላክሁለት። እኔና ሰይድ ገና በልጅነታችን ተለያይተን በየሰው ቤት ነው ያደግነው፤ ለዒድ ካልሆነ አንደዋወልም ነበር።

እኔ ጋ የቀረችው መብላት ተወች። ትሞትብኛለች ብዬ ስለፈራሁ ለሰይድ ደወልሁለት።

«ስልኩን ለእህቷ አስጠጋላትና ድምፅዋን ታሰማት» አልሁት።

ከወዲያ ቀጭን ፉጨት መጣ። የኔዋ ተነሥታ አዳመጠችና ጎመኗን መቆርጠም ጀመረች። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ በምሳ ሰዓት መደወል ሆነ ሥራዬ። ፉጨቱ ሲያልቅ እኔና ሰይድም ትንሽ እናወራለን።

በወሩ ሰይድ እህቲቱን በካርቶን ይዞ እኔ ወዳለሁበት መካነ ሰላም መጣ።

«እስቲ አስፏጫት» አልሁት።

«ወላሂ፣ ይቺ አንድ ቀንም ድምፅ አውጥታ አታውቅም» አለ። «የማፏጨው እኔ ነበርሁ። ታዲያ ምን ላድርግ? እኔን ብለህማ አትደውልም!»