ዶሮ ያልበላንበት ገና

ልጄ ሰላም ትናንት ከሥራ ስትመለስ በፌስታል ሁለት የፕላስቲክ ዕቃ ይዛ ገባች፤ አንዱ ውስጥ ተገነጣጥሎ ታጥቦ ያለቀ ዶሮ፣ ሌላው ውስጥ የተዘጋጀ ቁሌት። እዚህ ኮምቦልቻ እንዲህ ያለውን ሠርተው የሚሸጡ ሴቶች በዝተዋል፤ ቀኑን ሙሉ ፋብሪካ የሚውል ሰው ማታ ሽንኩርት ሲልጥ አያመሽም። በዓሉ ሊገባ ቀናት ይቀሩታል፣ እኛ ቤት ግን ሥራ የሚባል ነገር የለም፤ መጋረጃው ታጥቧል፣ ቅቤው ተነጥሯል፣ ዳቦው ታዟል። የቁሌቱን ክዳን ስከፍተው በቅቤ የበሰለ ሽንኩርትና ኮረሪማ ሸተተኝና ክዳኑን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ሰላም «ጨው ይበቃው ይሆን?» አለችኝ። ጾም ነው፤ እሷም እኔም አንቀምሰውም። ድሮ እኛ ቤት ማን ይቀምስልን እንደነበር ልነግራት ስጀምር ስልኳ ጠራ፤ እኔም ወሬውን ለራሴ ቀጠልኩት።

ያደግሁት ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነው። ከጎናችን የሐጅ ዑስማን ቤት ነበር፤ አያታቸው ከየመን መጥተው ደሴ የቀሩ፣ እሳቸውም ጨርቅ እየነገዱ ስማቸው በሰፈሩ የታወቀ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩና ቀስ ብለው የሚራመዱ ሰው ናቸው። ሚስታቸው እትዬ ዘሃራ ግን እንደሳቸው ቀስ የሚል ነገር አልነበራትም። ድምፅዋ ከራሷ ቀድሞ ይገባል፤ አንቱ ብላት «ምነው፣ አረጀሁ እንዴ?» ብላ ትቆጣኛለች፤ ስለዚህ እንደ እናቴ እህት አንቺ እያልኩ ነው ያደግሁት። እናቴ ፋናዬ ዝምተኛ ናት፤ ሁለቱ ሲቀመጡ አንዷ ታወራለች፣ ሌላዋ ትስቃለች። ሲቀመጡ ማለቴ ስህተት ነው፤ የዚህ ሁሉ ወሬ መነሻ ሁለቱ ተቀምጠው አለማወቃቸው ነው።

የገና ጾም ሥጋና ቅቤ አያስነካም፤ የበዓሉ ወጥ ደግሞ ጾሙ ሳይፈታ መሠራት አለበት። ስለዚህ ክርስቲያን ሴት ሁሉ ትልቁን የዓመቱን ወጥ ሳትቀምስ በግምት ትሠራለች፤ ጨው መብዛቱ ማነሱ የሚታወቀው ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። እኛ ቤት ግን ቀማሽ ነበረን። እናቴ ቁሌቱን ሥጋ ገብቶበት በማያውቅ ድስት ታበስልና፣ ቅቤና ቅመሙ ገብቶ ሲረጋ በእኔ በኩል እትዬ ዘሃራን ታስጠራለች። እትዬ ዘሃራ ሻሿን እያስተካከለች ትመጣለች፣ ከማንኪያው መዳፏ ላይ ጠብ ታደርጋለች፣ «ቢስሚላህ» ብላ ትልሰውና ዓይኗን ትጨፍናለች። እናቴ እንደ ተማሪ ቆማ ትጠብቃለች። «ምነው ፋንዬ፣ ጨው ተወደደ እንዴ?» ካለች ይጨመራል፤ «ማሻአላህ» ካለች ድስቱ ይወርዳል።

በረመዳን ደግሞ ተራው ይገለበጣል። አመሻሹ ላይ እናቴ እነሱ ቤት ትሄድና ሾርባውን፣ የምስር ሳምቡሳውን ትቀምሳለች፤ እትዬ ዘሃራ ደረቅ ከንፈሯን እያራሰች የእናቴን ፊት ታያለች። ሁለቱም የሚቀምሱት ሥጋው ከመግባቱ በፊት ነው። ሥጋ ከገባ በኋላ የእናቴ ወጥ ምን እንደሚል እትዬ ዘሃራ፣ የእትዬ ዘሃራ ሾርባ ምን እንደሚል እናቴ ሳያውቁ ኖሩ።

በገና ምሳ እነ እትዬ ዘሃራ እኛ ቤት ይበላሉ፤ በኢድ እኛ እነሱ ቤት። ክርስቲያን ያረደውን እነሱ፣ እስላም ያረደውን እኛ አንበላም፤ ይህ በእኛ አገር ማንንም አስከፍቶ አያውቅም፣ መላውም የቆየ ነው። በገና ጠዋት ሐጅ ዑስማን ቢላዋቸውን ይዘው ይመጡና እናቴ የገዛችላቸውን ዶሮ እኛው ግቢ ያርዳሉ፣ እትዬ ዘሃራም ከቤቷ ባመጣችው ድስት ትሠራዋለች። ተጠርታ መጥታ የገዛ ምሳዋን የምታበስል እንግዳ እሷን ብቻ ነው የማውቀው። በኢድ አባቴ ያርዳል፣ እናቴ ድስቷን ተሸክማ ሄዳ እዚያ ትንጨረጨራለች። ገበታው ሲቀርብም በአንድ ወገን የእነሱ፣ በሌላው የእኛ ነው፤ አንዷ ስትገባ ሌላዋ እየወጣች፣ በር ላይ ሲገናኙ «ለከርሞ ኢንሻአላህ ቁጭ ብለን እናወራለን» ይባባላሉ። ከርሞም ይመጣል፤ ያው ነው።

አንድ ዓመት ኅዳር ላይ ሐጅ ዑስማን ሱቃቸውን ወደ አዲስ አበባ ሊያዛውሩ እንደሆነ፣ ከጥምቀት በኋላም ቤተሰቡ በሙሉ እንደሚሄድ ተሰማ። እናቴ ወሬውን ስትሰማ አላለቀሰችም፤ የቤቱን ግድግዳ የምትቀባበት ኖራ አስገዛች። በሌላው ዓመት ኖራ የሚገዛው በበዓሉ ሳምንት ስለሆነ አባቴ ግራ ገባው። እትዬ ዘሃራን ጠርታ ያለቻትን እኔ አጠገባቸው ሆኜ ሰምቻለሁ።

«ዘንድሮ በገና ቀን እኔ እሳት አልነካም፣ አንቺም አትነኪም። ከምሳ ጀምሮ እስኪመሽ ቁጭ ብለን እናወራለን።»

«ወላሂ በይ!»

«እኔ ወላሂ አልልም።»

«እንግዲያው በማርያም በይ።»

«በማርያም!»

ከዚያ ወዲያ ቤታችን የበዓል ዋዜማ መሰለ፣ ዋዜማው ግን ሳምንታትን ፈጀ። ግድግዳው ተቀባ፤ ጠላው ተጠነሰሰ፤ ቅቤው ተነጠረ፤ ለእንግዳ ብቻ የሚወጡት ብርጭቆዎች ወጥተው ታጥበው እንደገና ተከደኑ፤ እኛ ልጆች የአዲስ ልብሳችንን ልክ ቀድመን ለካን፣ ያለ ቀኑ እንዳንለብሰውም ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆለፈበት። አባቴ ኮምቦልቻ ፋብሪካ በፈረቃ ስለሚሠራ ሳምንቱን እዚያ ያድርና ዕረፍቱ ሲደርስ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ በአውቶቡስ ወጥቶ ይመጣል፤ በመጣ ቁጥር አንድ ነገር ተሠርቶ አልቆ ያገኛል፣ «ገና አልፏል እንዴ?» እያለ ያሾፋል። በመጨረሻ ለሁለቱም ቤት የሚበቃ ቁሌት በዚያው ሥጋ በማያውቀው ድስት ተሠራ። ሁለቱ ሴቶች ፊት ለፊት ቆመው ሽንኩርቱን ሲከትፉ ሁለቱም ያለቅሱ ነበር፤ ምን ያህሉ የሽንኩርቱ እንደነበር ያኔ አልጠረጠርኩም። እትዬ ዘሃራ ቀመሰች፣ «ማሻአላህ» አለች፣ ድስቱ ተከድኖ ጓዳ ተቀመጠ። የደሴ የታኅሣሥ ብርድ ከማቀዝቀዣ አያንስም።

የቀሩት ዶሮዎቹ ናቸው። የሐጅ ዶሮ በገና ጠዋት ይታረድ የነበረው ቀርቶ፣ ሁለቱም በዋዜማው ከሰዓት በኋላ እንዲታረዱ እናቴ ወሰነች፤ ቁሌቱ ለሁለት ተከፍሎ ወጡ በዚያው ማታ ተሠርቶ እንዲያልቅ። አባቴ በአንድ ጥግ ፊቱን ወደ ምሥራቅ፣ ሐጅ ዑስማን በሌላው ጥግ ወደ ቂብላ አዙረው አረዱ። ሴቶቹ ለየብቻ ነጭተው፣ ለብልበው፣ በየሳፋው አስቀመጧቸውና እንቁላል ሊቀቅሉ ገቡ። ሳፋዎቹ ሁለቱም ሰማያዊ ናቸው፤ ከአንድ ሱቅ በአንድ ቀን የተገዙ ናቸው። ከጦሳ ተራራ የወረደ ጉም ድንገት ካፊያ ይዞ መጣ። አባቴና ሐጅ ዑስማን ስለ አዲስ አበባ መንገድ የያዙትን ወሬ ሳያቋርጡ አንድ አንድ ሳፋ አንስተው ሮጠው ገቡና ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጡ።

እናቴ ጨውና ሎሚ ይዛ መጣች። «የማናችሁ የቱ ነው?»

ሁለቱም በአንድ ጊዜ «የኔ» ብለው ወደ ወፍራሙ ዶሮ ጠቆሙ።

«ወላሂ ይኼ ነው፤ ስይዘው ከብዶኛል» አሉ ሐጅ።

«ሐጅ፣ እርስዎ የያዙት ያኛውን ነው። ይኼን ያረድኩት እኔ ነኝ» አለ አባቴ።

ሴቶቹ ጎንበስ ብለው አገላብጠው አዩ። የተነጨ ዶሮ የተነጨ ዶሮ ነው፤ በማን ስም እንደታረደ አንገቱ አይናገርም። አባቴ ያነሳው ሳፋ የራሱ ይሁን የሐጅ አያስታውስም፤ ሐጅም እንዲሁ። ትንሽ ተከራከሩ፣ ኋላ ሐጅ ዑስማን እጃቸውን በፎጣ እየጠረጉ «ጥርጥር ከገባበትማ አይሆንም፣ ደምሴ» አሉ፤ አባቴም ራሱን ነቀነቀ። ሁለት ዶሮ ነበረን፣ ሁለቱም ቤት የሚበላው አንድም አልነበረም።

ገበያው ተበትኗል። አባቴ ኮቱን ደረበና «ሆጤ ሰፈር ዶሮ የሚያረባ የማውቀው ሰው አለ፣ ሄጄ ላምጣ» አለ። እናቴ የያዘችውን ሎሚ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ያኔ ልጅ ብሆንም ምን እንዳሰበች ገብቶኝ ነበር። ዶሮ የሌለበት ገና ለአንዲት የቤት እመቤት ውርደት ነው፤ የመጣ ሁሉ ምን ይላታል? ዶሮው ከመጣ ደግሞ ማረድ፣ መንጨት፣ መለብለብ፣ ማጠብ እንደገና ሊጀመር፣ ሌሊቱ በቤተ ክርስቲያን፣ ቀኑ በእሳት ዳር ሊያልቅ ነው። ከዚያ ጥምቀት ነው፣ ከዚያ እትዬ ዘሃራ የለችም። እናቴ ሳፋዎቹን አየች፣ እትዬ ዘሃራን አየች።

«ተወው፣ ደምሴ» አለች። «በማርያም ብያለሁ።»

«ሰው ምን ይለናል?»

«የፈለገውን ይበል።»

እትዬ ዘሃራ ድንገት ሳቀች። «አብሽሪ ፋንዬ! እንቁላሉ አለ አይደል? እንቁላል ማንም አያርደውም!»

ዶሮዎቹ ለሰፈሩ ውሾች ተሰጡ፤ እነሱ የማን ነው ብለው አልጠየቁም። እኛም ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን በቁሌትና በእንቁላል ገደፍን፤ እኔ ፈረሰኛው ብልት ስለቀረብኝ አኮረፍኩ፣ ወንድሜ ለእልህ ስድስት እንቁላል በላ።

በምሳ ሰዓት እነ እትዬ ዘሃራ መጡ። እናቴ ገበታውን አቀረበችና እንደ ልማዷ ሌላውን ልታመጣ ዞር ስትል ቆመች፤ ሌላ አልነበረም። አንድ ድስት፣ አንድ ወጥ፣ ሁሉም የሚበላው ነበር። ሐጅ ዑስማን እጃቸውን ዘርግተው «ቢስሚላህ» አሉ፤ አባቴ አማተበ፤ ሁላችንም ከአንድ ገበታ በላን። እናቴ እንቁላሉን በቁሌት ጠቅልላ እትዬ ዘሃራን አጎረሰቻት፣ እትዬ ዘሃራም አጎረሰቻት። ለዚያ ሁሉ ዓመት ጎረቤት ሆነው ከአንድ ገበታ ሲጎራረሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ማየቴ ነበር፤ ማኩረፌን ረስቼ አፌን ከፍቼ አየኋቸው።

ከዚያ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ምንጣፍ አንጥፈው ጀርባቸውን ለአዲሱ ኖራ ሰጥተው ተቀመጡ። መጀመሪያ ወሬ ጠፋቸው። እናቴ እጇን ምን እንደምታደርገው አላወቀችም፤ የነጠላዋን ጥለት ትቆነጥራለች፣ ሁለት ጊዜ ልትነሳ ስትል እትዬ ዘሃራ ቀሚሷን ይዛ አስቀመጠቻት። ቀስ በቀስ ግን መጣ። እትዬ ዘሃራ ከባቲ ተሞሽራ በጭነት መኪና ስትመጣ ሐረጎ ላይ ብርዱ ሲነካት «ወደ የትኛው አገር ነው የሸጣችሁኝ?» ብላ እንዳለቀሰች ነገረቻት። እናቴ ከእኔ በፊት፣ ወደዚህ ሰፈር ሳትመጣ፣ የወለደችው አንድ ልጅ እንደነበረና በሦስተኛ ወሩ እንደሞተ ነገረቻት። ይህን እኔም የሰማሁት ያን ቀን ነው። እትዬ ዘሃራ «ያ ረቢ፣ እንዴት ለኔ ሳትነግሪኝ?» አለቻት። እናቴ «መቼ ተቀምጠን?» አለች። ፀሐይዋ ከአጥሩ እስክታልፍ፣ ከዚያም በኋላ ጋቢ ተጋርተው አልተነሱም።

ከጥምቀት በኋላ ሄዱ። ስልክ ይደዋወሉ ነበር፤ ስልክ ላይ ግን እትዬ ዘሃራም እንደ እናቴ ዝምተኛ ትሆናለች። ዛሬ ሁለቱም በሕይወት የሉም። የኔ ጎረቤቶች ጥሩ ሰዎች ናቸው፤ ከየገጠሩ ለፋብሪካ ሥራ የመጡ፣ ፈረቃቸው የማይገጥም፣ ደህና ዋልሽ ተባብለን የምንተላለፍ። ቀድሞ መጨረሱን ተክነንበታል፤ በዓል ሳይገባ ሁሉም ቤት ጸጥ ይላል፣ ጸጥታውንም አልጠላሁትም፣ ወገቤ ያመሰግነዋል። ግን ይናፍቁኛል፤ ሁለቱም፣ በጣም።

እነ እትዬ ዘሃራ በሄዱ በዓመቱ፣ በገና ዋዜማ፣ አባቴ ከኮምቦልቻ አመሻሽቶ ገባ። ግድግዳው አልተቀባም፣ ብርጭቆው አልወጣም፣ እናቴ ጓዳ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት ፊቷ ተከምሮ ገና መላጥ መጀመሯ ነው። አባቴ ደክሞት ስለነበር ትንሽ ቆጣ አለ።

«አምና እንዳደረግሽው ቀድመሽ ብትጨርሺ ምን ነበረበት?»

እናቴ ቀና ሳትል «ቀድሜ ጨርሼ ከማን ጋር ልቀመጥ?» አለችው።

አባቴ ኮቱን አወለቀ፣ ሌላ ቢላዋ ፈለገ፣ አጠገቧ ቁጭ አለና ሽንኩርት መላጥ ጀመረ።